በብስክሌት ላም የገጨሁ ዕለት

ይኼን ወሬ ከእኔ አፍ ባትሰሙት ደስ ይለኝ ነበር። ግን ወሬው ቡሬ ላይ ከርሞ፣ ከቡሬ በሚኒባስ ተሳፍሮ ፍኖተ ሰላም ገባና፣ ሱቄ ደጃፍ ቆሞ ጨርቅ በሚያማርጥ ደንበኛ አፍ ለራሴ ተነገረኝ። «አንድ ነጋዴ አሉ፣ በብስክሌት በሬ ገድሎ ሐይቅ ውስጥ ገባ» አለኝ ሰውየው፣ ነጋዴው እኔ መሆኔን ሳያውቅ። «ወይ ጉድ!» አልኩት። ሌላ ምን እላለሁ? በሬ አልነበረም፣ ላም ናት። አልሞተችም። ሐይቅ ውስጥ የገባችውም እሷ ናት፤ እኔ ከዳር፣ ጭቃው ላይ ነው የቀረሁት። እንግዲህ ወሬው እንዲህ እየደለበ ከሄደ ለከርሞ ዝሆን መሆኑ ስለማይቀር፣ ገና ላም እያለ እኔው ላውራው።

ነገሩ የጀመረው ከስኳር ነው። ሐኪሙ ደሜን አይቶ «ስኳርዎ ወደ ላይ እያለ ነው፤ በእግርዎ ይሂዱ፣ ይንቀሳቀሱ» አለኝ። ለፍኖተ ሰላም ሰው ይኼ ቀላል ትእዛዝ አይደለም። እኔ ከሱቄ ወጥቼ እጄን ብድግ ካደረግሁ ባጃጅ ይቆማል። እጄን ያነሳሁት ዝንብ ላባርር ቢሆንም ይቆማል፤ ከቆመ ደግሞ ሰው ማስከፋት አልወድም፣ እገባለሁ። እንዲህ እያልኩ ከቤት ሱቅ፣ ከሱቅ መስጊድ፣ ከመስጊድ ቤት ተቀምጬ ስሽከረከር ሱሪዎቼ ሁሉ ተራ በተራ ካዱኝ።

ልጄ ሰሚራ ቡሬ መድኃኒት ቤት ውስጥ ነው የምትሠራው። የሐኪሙን ነገር ስትሰማ ደወለች።

«አባየ፣ እሑድ ይምጡ። ከጓደኞቼ ጋር በአሮጌው መንገድ ወደ ሐይቁ ልንወርድ ነው። ለስኳሩም ጥሩ ነው።»

አሮጌው መንገድ የምትለው አስፋልቱ ሳይሠራ በፊት መኪና ይሄድበት የነበረውን ጠጠር መንገድ ነው። አሁን መኪና ረስቶታል። መሃሉ ላይ ሣር በቅሎበት፣ ጫካውን ሰንጥቆ ይወርድና የሐይቁን ዳር ዳር ይዞ ይሄዳል። ወጣቶቹ ጫካውን በእግራቸው ብስክሌት እየገፉ ያልፉና ሐይቁ ዳር ሲደርሱ ይነዳሉ።

«ብስክሌት ይችላሉ እንዴ አባየ? ካልቻሉ በእግርዎ…»

ባለቤቴ ከድጃ አጠገቤ ተቀምጣ ሽንኩርት ትከትፋለች። ስልኩ ደግሞ ድምፁ ከፍ ብሎ ነበር። ሰው ሚስቱ እየሰማች «አልችልም» ይላል?

«እኔ?» አልኩ። «እኔ እጄን ለቅቄ ስነዳ ገበያው ሁሉ ቆሞ ያየኝ አልነበር!»

ከድጃ ቢላዋውን አስቀመጠችና አየችኝ። አልዋሸሁም። ገበያው ቆሞ ያየኝ እውነት ነው፤ ብስክሌት አከራዩ ከኋላ መቀመጫውን ይዞ ይሮጣል፣ እኔ ከላይ እጮሃለሁ። እጄን የለቀቅሁትም እውነት ነው፤ ስወድቅ። ብስክሌት አንዴ ከተለመደ አይረሳም ሲሉ እሰማለሁ። እኔም ብሆን የረሳሁት ነገር የለም።

«መሄድህ ካልቀረ» አለች ከድጃ ስልኩ ሲዘጋ፣ «ልጅቷን ቀስ ብለህ ጠይቃት። አንድ የከብት ሐኪም ሽማግሌ ሊልክ ነው የሚል ነገር ሰምቻለሁ።»

«የምን ሐኪም?»

«የከብት።»

ያን ዕለት ምሳ አልበላሁም። ማለቴ፣ ሁለተኛ አላስጨመርኩም።

ለጉዞው ሱሪ ያስፈልገኝ ነበር። ሱቄ ውስጥ አንድ የሚለጠጥ ጥቁር ጨርቅ አለኝ፤ ለደንበኛ ሁሉ ግራና ቀኝ ጎትቼ እያሳየሁ «ይኼ ይሳባል እንጂ አይቀደድም!» እያልኩ ነው የምሸጠው። ጎረቤቴ ልብስ ሰፊው ለክቶ ሰፋልኝ። ለብሼ መስታወት ፊት ስቆም ከወገብ በታች ስፖርተኛ፣ ከወገብ በላይ ጨርቅ ነጋዴ ነበርኩ። ከድጃ «ከላይ ረዘም ያለ ነገር ደርብበት» አለችኝ። ሰምቼ ቢሆን!

እሑድ ጠዋት ቡሬ ስደርስ ሰሚራና የሥራ ጓደኛዋ ትዕግሥት ብስክሌቶቹን ይዘው ይጠብቁኛል። ትዕግሥት ሳቅ የሚቀድማት ልጅ ናት፤ ሱሪዬን አይታ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ከተተች። ከእነሱ ጋር አንድ ረጅም ወጣት ቁጢጥ ብሎ የብስክሌት ጎማ ይነፋል። እጁ እስከ አንጓው ግራሶ ነው። ሲያየኝ ብድግ ብሎ፣ እጁ ስለቆሸሸ ክርኑን እየሰጠ ሰላምታ አቀረበልኝ።

«አባየ፣ ይኼ ኑረዲን ነው…» ብላ ሰሚራ ስትጀምር፣

«እሺ፣ እሺ» አልኳት። «አንተ ልጅ፣ ይቺን ቦርሳ ያዝልኝማ። የኔንም መቀመጫ ዝቅ አድርገው፤ ለሰው የምታከራዩትን እንዲህ ከፍ አድርጋችሁ ነው የምትሰጡ?»

ሰሚራ ልታርመኝ አፏን ከፈተች። ልጁ ግን በዓይኑ «ተይው» አላትና ቦርሳዬን ተቀበለ። መቀመጫውንም ዝቅ አደረገ። ሥርዓት ያለው ሠራተኛ ነው አልኩ በልቤ።

ጫካው ውስጥ ስንገባ ልቤ ቀና አለ፤ ገና በእግር ነው። ሁለቱ ሴቶች ከፊት ቀደሙ። ዝግባውና ወይራው ከላይ ተቃቅፎ መንገዱን ጥላ አድርጎታል፤ ጉሬዛዎቹ ነጭ ካባቸውን እያርገበገቡ ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ ይዘላሉ። በዛፎቹ መሃል ሐይቁ ብልጭ ይላል። ትንሽ እንደሄድን ብስክሌቴ ከበደኝ፤ ለልጁ ሰጠሁት። በግራ እጁ የሱን፣ በቀኝ እጁ የኔን፣ በትከሻው ቦርሳዬን ይዞ ይሄዳል። እኔ ደግሞ እጄ ባዶ ሲሆን አፌ አያርፍም። ከማያውቁት ሰው ጋር ሲሄዱ የቤትን ነገር ማውራት እንዴት ያቀላል!

«ያቺ ልጄ ናት» አልኩት በአገጬ እያመለከትኩ። «ስንት ሰው ይጠይቃታል መሰለህ። አሁን ደግሞ አንድ የከብት ሐኪም ነኝ ባይ ተነሥቷል አሉ።»

ልጁ አንድ እርምጃ ዘገየ። «የከብት ሐኪም?»

«እስኪ አስበው! እጁን የት የት ሲከት ውሎ፣ ማታ በዚያ እጁ ከልጄ ጋር ከአንድ ትሪ ሊጎርስ!»

«አይታጠብም እንዴ ጋሸ?»

«ቢታጠብስ? ከላም ጋር የዋለ ሰው ሽታው ይለቃል?»

«እርስዎ አይተውታል?»

«ምን ያሳየኛል! የከብት ሐኪም መልኩ ይታወቃል። አጭር፣ ወፍራም፣ አንገት የሌለው፣ ሲናገር የሚጮህ።»

«አይተውት ቢፈርዱ ደግ ነበር» አለ ልጁ ቀስ ብሎ። «ምናልባት ቀርቦዎት ይሆናል።»

«ይቅረባ! አሳየው ነበር!» አልኩና ትከሻውን መታ መታ አደረግሁት። «አንተ ግን ጨዋ ልጅ ነህ። ፍኖተ ሰላም ከመጣህ ሱቄ ጎራ በል፤ ከዚህ ከሱሪዬ ጨርቅ እቆርጥልሃለሁ።»

«አላህ ይስጥልኝ ጋሸ» አለ። ሲናገር ፊቱን ወደ ሐይቁ አዙሮ ነበር።

ከጫካው ወጥተን ሐይቁ ዳር ስንደርስ ሴቶቹ ብስክሌታቸው ላይ ዘለው ወጥተው ነጎዱ። ልጁ ብስክሌቴን ቀጥ አድርጎ ያዘልኝ።

«እስኪለምዱት ከኋላ ልያዝልዎት?»

«ተወኝ!» አልኩት። «ያዝልኝ ማለት የማላውቅ ነኝ?»

ወጣሁ። አላህ ምስክሬ ነው፣ መጀመሪያ ላይ ሄደ። መሪው ግራ ሲል እኔ ቀኝ፣ እኔ ግራ ስል መሪው ቀኝ፣ በመካከላችን ስምምነት ባይኖርም ሄደ። ከዚያ መንገዱ ቁልቁል ሆነ። ከላይ ቆመው ሲያዩት ቁልቁለት አይመስልም። ፔዳሉ እግሬን ጥሎ ብቻውን መሽከርከር ጀመረ። ፍሬን የሚባል ነገር እንዳለ አውቃለሁ፤ የት እንዳለ ግን ያን ጊዜ ማን ያስታውሳል? ጣቴ ያገኘው ደወሉን ነው። ደወሉን እያቃጨልኩ ሰሚራንና ትዕግሥትን በመሃላቸው አለፍኳቸው።

«አባየ! ጎበዝ!» ብላ ሰሚራ አጨበጨበች። ልጄ በኔ ኮርታ ስታጨበጭብ ከዚያ በፊት አይቼ አላውቅም። መልሼ «ያዙኝ!» ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። ኩራቷን እንዳላበላሽባት ብዬ አይደለም፤ ድምፄ አልወጣ ብሎ ነው።

መንገዱ ታጠፈ። ከመታጠፊያው ወዲያ፣ ከሐይቁ ዳር ካለች ሾላ ሥር፣ ከቅዳሴ የተመለሱ ሽማግሌዎች ጋቢያቸውን ተከናንበው ተቀምጠዋል። ሁለት ወንድማማቾች እናታቸው በተወችላቸው ላም ተጣልተው እያስታረቋቸው ኖሯል። ላሟም ነገሩ ስለ እሷ ነውና መሃል ላይ ቆማለች። ቀይ፣ ሆዷ ግራና ቀኝ የወጣ፣ መውለጃዋ የደረሰ። እኔ የመጣሁት በታፋዋ በኩል ነው።

ላሟ እምቧ ብላ ዘላ ሐይቁ ውስጥ ገባች። እኔ በመሪው ላይ አልፌ ጭቃው ላይ በሆዴ አረፍኩ። ከዚያ አንድ ድምፅ ተሰማ፤ ረጅም፣ ያልተቻኮለ፣ ከወገቤ ጀምሮ እስከ ታች የሄደ የጨርቅ ድምፅ። ይሳባል እንጂ አይቀደድም!

ቶሎ ተገልብጬ ጭቃው ላይ ተቀመጥኩ። ከዚያ ወዲያ መነሣት ቀረ።

«ላማችንን!» ብለው ሁለቱ ወንድማማቾች በአንድ ድምፅ ዱላቸውን ይዘው መጡብኝ።

«ቆይ!» አሉ አንድ ሸበቶ ሽማግሌ፤ ‹አያ ስማቸው› ነው የሚሏቸው። «ሰማችሁ እናንተ? ከጠዋት ጀምሮ ‹ላሜ› ሲሉ ነበር፤ አሁን ‹ላማችን› አሉ። እርቁ አለቀ። አሁን የዚህን ሰው ነገር እንይ።» ወደኔ ዞሩ። «አንተ ሰውየ፣ እርጉዝ ላም ናት። ጥጃው ቢጨነግፍ ምን ልትል ነው? ለመሆኑ ምን ስትሠራ ነው?»

ያን ጊዜ ያልኩትን ባልነግራችሁ እወድ ነበር።

«የኔ ጥፋት አይደለም!» ብዬ ጮህኩ። «ያ ብስክሌት አከራይ ልጅ ነው! ፍሬኑን ሳያይ ነው የሰጠኝ! እሱን ያዙት!»

ልጁ እየሮጠ ደረሰ። ሴቶቹም ከኋላው። ሽማግሌዎቹ እሱን ሲያዩ አንድ ላይ ብድግ አሉ።

«ዶክተር! እንኳን እግዜር አመጣህ!»

ዙሪያዬን አየሁ። ዶክተር የሚመስል ሰው አጣሁ።

«የምን ዶክተር?» አልኩ ከጭቃው ላይ።

«የከብት ነዋ!» አሉ አያ ስማቸው። «የኛን አገር ከብት ሁሉ ያዳነ ልጅ። ይኼ ሰውየ አንተን ነው እንዴ የሚከሰው? የት ታውቀዋለህ?»

ኑረዲን አየኝ። ረጅም ነው፤ አንገትም አለው። እኔ ዓይኔን የማሳርፍበት አጥቼ ሐይቁ ውስጥ የቆመችውን ላም አየሁ፤ እሷም አየችኝ።

«የኔ ሰው ናቸው» አለ ድምፁን ሳያነሣ። «ልክ ናቸው፣ ፍሬኑን ማየት ነበረብኝ። ጥፋቱ የኔ ነው።»

ጃኬቱን አወለቀና ፊቱን ወደ ሌላ አዙሮ ወደኔ ዘረጋልኝ፣ ወገቤ ላይ እንዳስር። ከዚያ ሱሪውን ጠቅልሎ ውሃው ውስጥ ገባ። ላሟን በለሆሳስ እያናገረ ጎኗን ዳሰሰ፣ ጆሮውን ሆዷ ላይ አስደግፎ በጡጫው ገፋ አደረገና ቆየ። እኔ የማውቀውን ዱዓ ሁሉ አደረስኩ። ለሰው ልጅ እንኳ እንዲያ ለምኜ አላውቅም። ትዕግሥት ሳትቀር መሳቋን ትታለች። ሰሚራ ግን ላሟን አይደለም የምታየው፣ እኔን ነው። «ብስክሌት አከራይ» ያልኩትን ሰምታለች። ጥፋቱን ሰው ላይ ማላከኬንም ሰምታለች።

«ይንቀሳቀሳል» አለ ኑረዲን። «ጥጃው ደህና ነው። ግን እስክትወልድ መታየት አለባት።»

ከውሃው ከመውጣቱ በፊት እጁን ታጠበ። አሸዋ እያደረገ እስከ ክርኑ አሸው፣ እንደገና ታጠበ፣ እንደገና አሸው። ወደኔ ቀና አላለም። ቀና ቢል ይሻለኝ ነበር።

«እንግዲህ ነገሩ እስኪለይ ይኼ ሰው ዋስ ይጥራ» አሉ አያ ስማቸው። «ላሟ አንድ ነገር ብትሆን ከየት እንፈልገዋለን?»

ዋስ! ፍኖተ ሰላም ቢሆን ገበያው ሙሉ ዋስ አለኝ። እዚያ ሐይቅ ዳር ግን የሚያውቀኝ ላሟ ብቻ ናት።

«እኔ ዋሱ ነኝ» አለ ኑረዲን።

ተለቀቅሁ። ወደ ቡሬ ስንመለስ ሰሚራ ብስክሌቷን እየገፋች ከትዕግሥት ጋር ቀደመች። እኔ ጃኬት አገልድሜ፣ በየእርምጃው ጭቃ እያንጠባጠብኩ፣ በዚያው ጫካ፣ ከዚያው ልጅ ጋር ወጣሁ። አሁን ብስክሌቴን እኔው ነበርኩ የምገፋው። ሊቀበለኝ እጁን ቢዘረጋ አልሰጥም አልኩ። ጉሬዛዎቹ ከላይ ሆነው ሲያዩን እነሱም የሰሙ መሰለኝ።

«ኑረዲን» አልኩ በመጨረሻ። ስሙን የጠራሁት ያን ጊዜ ነው። «ጠዋት ያልኩትን… ለሰሚራ ትነግራታለህ?»

«የቱን ጋሸ?»

«ያንን… የከብት ሐኪሙን ነገር።»

«እሱን ነው? አጭር፣ ወፍራም፣ አንገት የሌለው ብለውኝ አልነበር? እንዲያ ያለ ሰው እኔ አላውቅም። የማላውቀውን ሰው ነገር ምን ብዬ አወራለሁ?»

ቢሰድበኝ መልስ ነበረኝ። ቢቆጣ ሽማግሌነቴን አነሣበት ነበር። እሱ ግን አንዱንም አላደረገልኝ። መንገዱን ሁሉ መሬት መሬት እያየሁ ሄድኩ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ጊዜ ያሳለፍኩት በስልክ ነው። ሱቄን ሳልከፍት፣ ከፈጅር ሶላት መልስ፣ ለኑረዲን እደውላለሁ። «ላሟ እንዴት አደረች?» «ደህና ናት ጋሸ።» «በላች?» «በላች።» ከድጃ ሰምታ ሰምታ «ለስኳርህ እንዲህ ተጨንቀህ ታውቃለህ?» አለችኝ። እኔ ከስኳሬ ይልቅ ዋሴን ነበር የማስበው። ያ ልጅ በኔ የተነሣ በሚያክመው አገር ፊቱ ቢጠቁር በምን ዓይኔ አየዋለሁ?

አንድ ቀን ደንበኞች ሱቁን ሞልተው ሳለ ስልኩ ጮኸ።

«ወለደች ጋሸ! ሁለቱም ደህና ናቸው!»

ጣቃ ጨርቅ ላይ ተቀመጥኩና እንባዬ መጣ። «አልሐምዱሊላህ! ወለደች!» አልኩ። ሱቁ ሙሉ ሰው እልል አለ። አንዲት ደንበኛዬ አገላብጣ ሳመችኝና «ልጅዎ ናት?» አለችኝ። ላም ናት ማለት አቃተኝ፤ ራሴን ነቀነቅሁ። ይኼው እስከ ዛሬ «የልጅ ልጅዎ አደገ?» የሚሉኝ ሰዎች አሉ።

ከጥቂት ሳምንት በኋላ የኑረዲን ሽማግሌዎች መጡ። አጎቱ፣ አንድ የመስጊድ ሰው፣ ከኋላቸው ደግሞ ነጭ ጋቢ የለበሱ፣ ምርኩዝ የያዙ ሰው። አያ ስማቸው! ሳያቸው ወገቤን በእጄ ዳሰስኩ፤ ሱሪዬ ደህና ነው።

ጋበዝናቸው፣ ተቀመጡ። ነገሩን በማር አልብሰው አቀረቡ፦ ልጃችሁን ለልጃችን። የሴት ልጅ አባት በመጀመሪያው ቀን እሺ አይልም፤ ወጉ አይደለም። እኔም ቃሌን አዘጋጅቻለሁ። ጉሮሮዬን ጠረግሁና፣

«እንግዲህ መቼም ወግ ነውና» አልኩ፣ «የልጁን ጠባይ፣ ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ፣ ጠያይቀን…»

«ይጠየቅ እንጂ!» አሉ አያ ስማቸው። ፊታቸው ላይ አንዲት ጅማት አልተንቀሳቀሰችም። «ደግ ነው። መቼም ሰው ሳያይ አይፈርድም። እኛም እኮ በበኩላችን ስለ ልጅቷ አባት መጠያየቅ ይገባን ነበር። እነዚህ ሰዎች መንገድ ላይ ‹አባትየው ምን ዓይነት ሰው ነው?› ሲሉኝ፣ ‹በሱ እንኳ አትድከሙ› አልኳቸው። ‹እኔ ፊት ለፊትም ከበስተኋላም አይቼዋለሁ። ያላየሁት የለም።›»

ከመጋረጃው ወዲያ፣ ከድጃ ያለችበት ጓዳ ውስጥ፣ አንድ ሰሃን ተሰበረ። ቀጥሎ የሴት ሳቅ መጣ፤ የመጀመሪያው የሷ ነው፣ ሁለተኛው የሰሚራ። ልጄ ከዚያ እሑድ ወዲህ በኔ ነገር ስትስቅ የሰማኋት ያን ጊዜ ነው። አጎትየው ሳቃቸውን ሊደብቁ የሻይ ብርጭቆውን አፍንጫቸው ድረስ አነሡት።

«ልጃችሁ ናት» አልኩ።

ሰዎቹ ደነገጡ። «እንዲያው ቀጠሮ እንኳ ሳይሰጡን? ወጉ መመላለስ ነበር» አሉ አጎትየው።

አውቃለሁ፣ ወጉ መመላለስ ነው። ግን ቀጠሮ ብሰጥ አያ ስማቸው በሚቀጥለው ጊዜ ሌላ ዓረፍተ ነገር ይዘው ነው የሚመጡት።